የአባቴ አፍ፣ የኪቦርዴ ጉሮሮ

አባቴ ድምፁን ያጣው የአንገቱን እንቅርት በቀዶ ሕክምና ባስወጣ ጊዜ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ሊጎዳ ይችላል፣ እንቅርቱን መተው ግን አይቻልም አለን። ስለዚህ የምንወቅሰው ሰው እንኳ አልነበረንም። አባቴ ከሰመመን ነቅቶ አፉን ሲከፍት የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። እናቴ ውሃ የጠማው መስሏት ብርጭቆ አነሳች።

ይመለሳል ተብለን ጠበቅን። አልተመለሰም። የቀረለት ሹክሹክታ ነው፤ እሱም አጭር። ሁለት ሦስት ቃል እንዳለ ትንፋሹ ያልቅበታል፣ ቆም ይላል፣ አየር ሳብ ያደርጋል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። አብሮት የሚያወራ ሰው ትዕግሥት ከሌለው አንዱን ወሬ እንኳ አይጨርሰውም።

ይህ ሰው እኮ ዕድሜውን ሙሉ አብነት ሰፈር ውስጥ በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ነው። ድምፁ ከብረት መቁረጫ ጋር ሲሟገት ያደገ ድምፅ ነው። ቤት ሲገባም ማሽኑ የጠፋ አይመስለውም ነበር። ራት ላይ "ጨው" ሲል ከላያችን ያሉት ጎረቤቶች ጨው ይዘው ይወርዳሉ እያልን እንቀልድበት ነበር። እኛም ልጆቹ ስንጮህ ነው ያደግነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ቤታችን ከመጣ የታመመ ይመስለናል። አሁን ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ድምፁን ቀንሷል። ማንም ቀንሱ ያለን የለም።

ታናሽ እህቴ ልታገባ ሽማግሌ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ በራሱ ነቀነቀላቸው፣ በእጁ አመሰገናቸው፣ ያም አለፈ። የሠርጉ ቀን ምርቃት ግን በእጅ አይሆንም። ሙሽሮቹ ተንበርክከው ጉልበት ይስማሉ፣ አባት ይመርቃል፣ ሰው ሁሉ አሜን ይላል። አጎቴ በደግነት "እኔ ባንተ ፈንታ እመርቃታለሁ፣ አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ" አለው። አጎቴ ከሄደ በኋላ አባቴ እናቴን ጠርቶ የነገራት ነገር ሰው ያልሰማው፣ ሰው አሜን ያላለበት ምርቃት ምርቃት አይደለም፣ ልጄንም ሌላ ሰው አይመርቅልኝም የሚል ነው። ይህን ብቻ ለመናገር ሦስቴ አረፈ አለችኝ።

እኔ ከልደታ ማርያም ጀርባ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ለሠርግ ዘፋኞች ሙዚቃ አቀናብራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሙዚቃ ትምህርት ቤት በበሩ አልፌያለሁ እንጂ አልገባሁም። ያለኝን ኪቦርድ ከአንድ የባንድ ተጫዋች ነው ያገለገለ የገዛሁት። ከላዩ እንደ ሽቦ የሚታጠፍ ቀጭን አንገት ያለው ማይክ ተሰክቶበታል፤ መጀመሪያ ጊዜ ጌጥ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የማላውቀውን ቁልፍ ተጭኜ ሳስነጥስ ኪቦርዱ አብሮኝ አስነጠሰ። ደነገጥኩ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሜ ለማስነጠስ ስሞክር ዋልኩ። ቮኮደር የሚባለውን፣ የሰውን ንግግር በኪቦርድ ድምፅ የሚያወጣውን ነገር የተዋወቅሁት በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ እያየሁ፣ እያበላሸሁ ተማርኩት፤ አንዱን ጎረምሳ ዘፋኝም ሮቦት የመሰለ ድምፅ ሰጥቼው ዘፈኑ በየታክሲው ተጫወተለት።

አባቴ ያንን ዘፈን ሰምቶታል። ከአጎቴ ጋር ባልተስማሙ ሰሞን ብቻውን፣ ሳይደውል፣ ክፍሌ ድረስ መጣ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

"ያንን ጎረምሳ..." አለ፤ ተነፈሰ። "...ያደረግሽውን፣ እኔንም አድርጊኝ።"

እንዴት እንደሚሠራ ሳይገባው የማንንም መሣሪያ የሚነካ ሰው ስላልሆነ መጀመሪያ አስረዳሁት። ሰው ሲናገር ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፣ አልኩት። ጉሮሮው ነፋሱን አንቀጥቅጦ ድምፅ ያደርገዋል፤ ምላሱ፣ ከንፈሩና ጥርሱ ደግሞ ያንን ድምፅ ቀርጸው ቃል ያደርጉታል። ቮኮደር እነዚህን ሁለቱን ይለያያቸዋል። ከማይኩ የሚወስደው ቅርጹን ብቻ ነው። ድምፁን የሚያመጣው ከኪቦርዱ ነው።

ይህን ስል ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ስለዚህ በሥራው ገባሁበት። ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ መስኮቶች አስብ አልኩት። የታችኞቹ ወፍራም ድምፅ ብቻ ያሳልፋሉ፣ የላይኞቹ ቀጭን ብቻ። አንተ "ኡ" ስትል የታችኞቹ ይከፈታሉ፣ "ሽ" ስትል የላይኞቹ። አሁን ከጎኑ ሌላ ግድግዳ አስብ፤ መስኮቶቹ በቁጥርም በመጠንም ልክ እነዚያኑ ናቸው። ከዚያኛው ግድግዳ ኋላ ኪቦርዱ ሳያቋርጥ ይጮሃል። አንተ ጋ አንዱ መስኮት ገርበብ ሲል፣ እዚያም ያው መስኮት በዚያው ልክ ገርበብ ይላል። ሰው ደጅ ቆሞ የሚሰማው የሁለተኛውን ግድግዳ ነው። ጩኸቱ የኪቦርዱ ነው፣ ቃሉ ግን ያንተ።

አሁን ማይኩን በጣቱ ነካ አደረገ።

"እና መስኮቱ የኔ፣" አለ፤ ተነፈሰ፣ "መብራቱ ከጎረቤት የተሳበ ነው በይኛ።"

እንደዚያ በለው አልኩት። ስቆ ማይኩን ወደ አፉ ሳበ። እኔ ወፍራም ድምፅ ያላትን አንዲት ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩ። "እንዴት ዋላችሁ" ብሎ በሹክሹክታው ሲናገር ከስፒከሩ "እንዴት ዋላችሁ" የሚል ንብ ያለበት ቀፎ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከኋላው ሌላ ሰው የተናገረ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔም ሌላ ነገር የምፈልግ መስዬ ገመድ ስፈታ ቆየሁ።

ሹክሹክታ ለቮኮደር ይበቃዋል። ይህ ለኔም ትልቅ ነገር ነበር። ጉሮሮው ተዘጋ እንጂ የአባቴ አፍ አንድም ነገር አልሆነም፤ መስኮቶቹ በሙሉ ይሠራሉ። መብራቱን ብቻ አስተካክልለታለሁ ብዬ ተነሳሁ። ይህን ያህል ቀላል መስሎኝ ነበር።

ለስላሳ ድምፅ ስሰጠው፣ ዋሽንት መሰሉን፣ ቃሉ ጠፋ። ለካ ለስላሳ ድምፅ ውስጥ የሚቀረጽ ነገር የለም፤ ብዙዎቹ መስኮቶች ቢከፈቱም ከኋላቸው ጨለማ ነው። ሻካራውን፣ መጋዝ የመሰለውን ስሰጠው ቃሉ ተሰማ፣ ግን ብረት ብረት አለ። ኪቦርዱ ሁለት ድምፅ ደርቦ በትንሹ ሲያዛንፋቸው ወፍራምና ያማረ ይሆናል፤ ለዘፋኝ ግሩም ነው፣ ለአባቴ ግን ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚናገር አስመሰለው። አጠፋሁት። "ሰ" እና "ሸ" የሚሰሙት ትንሽ የሚንሿሿ ድምፅ ከተቀላቀለ ነው፤ ጨመርኩ። መስኮቶቹ ቶሎ ሲዘጉ ንግግሩ የሚንተባተብ ሆነ፤ ቀስ ብለው እንዲዘጉ ሳደርግ ቃሉ በቃሉ ላይ ተነባበረ። መሐሉን ፈለግሁ። ቅርጹን ወደ ላይ የሚገፋውን ቁልፍ ትንሽ ሳዞረው አባቴ የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ሆነ፤ ወደ ታች ሳወርደው ከጉድጓድ የሚናገር ሰው። "ጤና" ባለ ቁጥር ማይኩ ላይ ጠመንጃ የተተኮሰ ያህል ስለሚፈነዳ የታጠበ ካልሲ አለበስኩት። አባቴ ካልሲውን አይቶ፣ አሽትቶ፣ ቀጠለ።

አንድ ቀን እናቴ ምሳ ይዛልን ስትመጣ በሩ ላይ ቆመች። "እንግዳ አለ እንዴ?" አለች። እሱ ነው አልናት። ገብታ ተቀመጠችና ሳህኑን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ሰማችው። ሲጨርስ "ይሰማል፣ ደህና ይሰማል" አለችው። እኔን ግን በኋላ ለብቻዬ አድርጋ፣ እሱ ድሮ "ልጆቼ" ሲል መሐሉ ላይ ወረድ ያደርጋት ነበር አለችኝ። ኪቦርዱ ላይ ቃናውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ በጣት የሚዞር ትንሽ ጎማ አለ፤ በግራ እጄ ይዤ መሐሉ ላይ ወረድ አደረግኋት። አሁንስ? አልኳት።

"አሁን ወረደች፣" አለች። "እሱ ግን አይደለም።"

ሌላም ሞከርኩ። ጩኸቱን የሚያመጣው ኪቦርዱ ከሆነ፣ ኪቦርዱ ላይ የገዛ ድምፁን ብጭንበትስ ብዬ የድሮ ስልኬን በረበርኩ። ያገኘሁት ነገር ቢኖር ሥራ ቦታው ሆኖ የላከልኝ አጫጭር የድምፅ መልእክት ነው፤ "የት ደረስሽ"፣ "እናትሽ ትጠብቅሻለች"፣ ሁሉም ከኋላው ብረት ይቆረጣል። አንዱ ላይ ሰው ሲጠራ ያስረዘመው "አ—" አለ። እሱን ቆርጬ፣ ደጋግሞ እንዲዞር አድርጌ፣ ከቁልፎቹ ጋር አገናኘሁት። የወጣው የፍየል ጩኸት ነው፤ በፍየሉ ውስጥ ደግሞ ብረት ይቆረጣል። ይህን ለአባቴ አላሰማሁትም። እያንዳንዱን ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ አውቄ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። የአባቴ ድምፅ ከየትኛው ቁልፍ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እግሩ ሥር እንቀመጥ ነበር።

አባቴ ግን ደስተኛ ነው። እሱን አሳስቦት የነበረው መሰማቱ ነው። ምርቃቱን አጫጭር አድርጎ አዘጋጀ፤ እያንዳንዷ በአንድ ትንፋሽ የምታልቅ። እኔም በቃሌ ያዝኳት፤ ምክንያቱም ቮኮደሩ የሚናገረው ጣቴ ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ጣቴን ሳነሳ አባቴ ዲዳ ነው። የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል ግራ እጄ ቀድሞ ካላወቀም እንደ ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ በአንድ ቃና ይቀራል። እንዲህ አድርገን ተለማመድን፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጫናለሁ፣ እሱ ያበቃል፣ እኔ አነሳለሁ፣ እናቴ "አሜን" ትላለች። ጣቴን የማነሳበት ምክንያት ነበረኝ። ማይኩ የሰማውን ሁሉ ነው የሚቀርጸው፤ ሰው አይለይም። አንዴ ጣቴን ረስቼው የእናቴ አሜን በአባቴ ወፍራም ድምፅ ወጥቶ ሦስታችንም በሳቅ ሞተናል።

የሠርጉ ቀን ድንኳኑ የተጣለው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ፣ መኪና የሚቆምበት ላይ ነው። ስፒከሩን ወደ ሰዉ አዞርኩት፤ ወደ አባቴ ከዞረ የራሱን ድምፅ ማይኩ መልሶ ይሰማና ያፏጫል። ስለዚህ አባቴ ከሚናገረው ይልቅ የሰዉን አሜን ነው የሚሰማው። ይህን ነግሬው "ይሻላል" ብሎኛል።

ሙሽሮቹ ከፊቱ ተንበረከኩ። እኔ ከጎኑ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ። "ቤታችሁ ሰው የሚገባበት ቤት ይሁን" አለ፤ ድምፁ ከሕንፃ ሕንፃ ተጋጭቶ ተመለሰ። ልጆች ሳቁ፣ አንዲት አሮጊት አማተቡ፣ አጎቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ግቢው በሙሉ "አሜን" አለ። ጣቴን አነሳሁ። አባቴን አየሁት፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን አሁን ልጽፈው አልችልም። "ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ" አለ። አሜን። አነሳሁ።

ሦስተኛው ላይ ነው። ክፍሌ ውስጥ በአንድ ትንፋሽ ይላት የነበረችውን፣ ደስታው ትንፋሹን ወስዶበት መሰለኝ፣ መሐሏ ላይ አለቀበት።

"ክፉ ሰው..." አለ። ቆመ።

"አሜን!" አለ ግቢው።

እኛ ምርቃት ላይ ሰው ዝም ካለ አሜን እንላለን፤ የሚጠብቅ የለም። እኔም እጄ ለምዶ ጣቴን አነሳ። "...ደጃችሁን አይርገጥ" ያለው በባዶ ሹክሹክታ ነው፤ ከኔና ከሙሽሮቹ በቀር ማንም አልሰማውም። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ሚዜዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዲት ጎረቤታችን ነገሩን ለመሸፈን ብላ፣ በፍጹም ደግነት፣ እልልታውን አቀለጠችው። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። እልልታ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ቶሎ አይበርድም።

አባቴ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ የእህቴን ፊት በሁለት እጁ ያዘና መናገር ጀመረ።

ያልተለማመድነው ነገር ነው። ከምርቃቱ ውስጥ የለም። ከንፈሩን አየዋለሁ፤ ቆም ይላል፣ አየር ይስባል፣ ይቀጥላል። ማይኩ አፉ ሥር ነው። ጣቴ ከቁልፉ በላይ፣ አየር ላይ። ብጫነው እልልታው በሙሉ በማይኩ ገብቶ በሱ ድምፅ ሊወጣ ነው፤ አባቴ በልጁ ሠርግ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ሴቶቹ እልል ሊል ነው። ካልተጫንኩት አይሰማም። ሴቶቹን ዝም በሉ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁ፤ ጨምሩ ያልኳቸው መስሏቸው ጨመሩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጣት ኖሮኝ ምንም ሳልሠራ የቀረሁበት ጊዜ የለም። እልልታው ሲረግብ ተጫንኩት። የደረስኩባት አንድ ቃል ናት።

"...አይደል?" አለ ስፒከሩ።

"አሜን!" አለ ግቢው።

እህቴ ራሷን ነቀነቀች። አባቴ ግንባሯን ስሟት ቀና አለ፤ ከባድ በር ተሸክሞ ወስዶ ከቦታው ላይ የተከለ ሰው መሰለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ክፍሌ አልመጣም። ኪቦርዱን ቤት ድረስ አምጥቼልህ በየቀኑ እናውራበት ብዬው ነበር፤ አያስፈልገኝም አለኝ፣ ለዚያች ቀን ነበር፣ ደረሰልኝ። እናቴን ደግሞ "ነገርኳት" ብሏታል። ምን እንደነገራት አልጠየቀችውም፤ እሱ በስፒከር የተሰማለት የመሰለውን ነገር ምን ብላ ትጠይቀው።

ለመልሱ ሙሽሮቹ መጡ። እህቴ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው።

"አባዬ ምን ነበር ያለኝ?"

ሳህን ይዤ ቆምኩ። "አንቺ አልሰማሽም?"

"እልልታው መቼ አሰማኝ። ዝም ብዬ ነቀነቅኩለት።" ፊቴን አየችው። "አንቺ ትሰሚያለሽ ብዬ እኮ ነው። ማሽኑ ያንቺ አይደለም እንዴ?"

አልሰማሁም አልኳት። ባሏስ? እሱም አልሰማም፣ ጠይቃዋለች፤ ረጅም ነገር እንደነበር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለታችንም ቆመን ወጡን አየነው። እንጠይቀው አለች። ጠይቂው አልኳት። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ሰማኝ፣ አሜንም አለልኝ ብሎ ያደረ ሰው ምን ተብሎ ነው የሚጠየቀው ተባባልን። ቢሆንም እጇን አደረቀችና ወጣች፤ እኔም የውሃ ጆጉን ይዤ ተከተልኳት።

አባቴ ሶፋው ጥግ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። "አባዬ" አለች፤ ቀጥላ ልትጠይቀው ነው፣ አፏ ላይ አየሁት። እሱ ግን ቀደማት። እጇን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ፣ በዚያች ሹክሹክታው ጀመረ።

"ያልኩሽን..." ተነፈሰ። "...አትርሺ።"

እህቴ ቀና ብላ እኔን አየች። እኔ ደግሞ ጆጉን።

"እሺ አባዬ፣" አለችው፣ "አልረሳም።"

እጇን መታ መታ አደረገላትና ለአማቹ ውሃ እንድቀዳ በአገጩ አሳየኝ። ቀዳሁ።